ዝናቡን ማውጣት ይቻላል?

ቦንጋ ላይ ክረምት የሚገባው በሰኔ ነው የሚል ሰው ቦንጋን አያውቃትም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ሰበብ ሲፈልግ ይቆይና ሰኔ ሲደርስ ያለ ሰበብ ይወርዳል። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድማ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ለመደማመጥ መጮህ አለባቸው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ ለለቅሶ ቦንጋ ሄጄ ነበር። በጅማ በኩል ከአራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጎጀብን ተሻግሮ ዳገቱ ሲጀምር የጫካው ሽታ በመስኮት ይገባል። ከተማዋ የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ክልል መቀመጫ ከሆነች ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ያየሁት ሁሉ ግንባታ፣ አሸዋና ባጃጅ ነው። ሰልስት ካለፈ በኋላ ቡና እየተጠጣ የሟች የወንድም ልጅ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቤ መጣ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከተማው ውስጥ ካለ ፎቶ ቤት ጋር ሰርግ ይቀርጻል።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ በክረምት ፊልም የሚያስተምሩ አሉ ይባላል። እውነት ነው?»

«አሉ» አልኩት።

«በሁለት ወር ሰው ፊልም ሠሪ ይሆናል?»

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ከቡናና ከማር የተጠራቀመች ገንዘብ አለችው። እናቱ በዚያች ገንዘብ ጣሪያው እንዲቀየር ይፈልጋሉ። እሱ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘጠናን ያለፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። የአባታቸው አባት ካፋ በራሷ ንጉሥ በምትተዳደርበት ዘመን ግቢ ውስጥ ሥራ ነበራቸው። ሽማግሌው የነገሥታቱን ዝርዝር፣ የሚክረቾዎቹን የሥራ ድርሻ፣ የየበሩን ሕግ፣ በካፊ ኖኖ በዜማ ይዘውታል። ልጁ እሳቸውን ሊቀርጽ ይፈልጋል። «ግን በደንብ» አለኝ፤ «እንደ ሰርግ ሳይሆን።»

እኔም፣ አስተማሪ ሆኜ ሃያ ዓመት ያሳለፍኩ ሰው፣ አስተማሪ የሚለውን አልኩት። «መጀመሪያ ተማር። ተምረህ ስትመለስ በሥርዓቱ ትቀርጻቸዋለህ። እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይሠራም።»

ይህንን ምክር ለምን እንደሰጠሁት ለመናገር ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ካፋን ካሜራ ያገኛት ከተሸነፈች በኋላ ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የተያዙት በ1889 ማለቂያና በ1890 መግቢያ ላይ፣ በፈረንጅ 1897 መሆኑ ነው። ሕይወታቸው ከዚያ በኋላ በእስር አለፈ። እነ አንድራቻ፣ ያ ሁሉ ግቢ ተቃጠለ። እንግዲህ ፍሪድሪክ ቢበር የሚባለው ኦስትሪያዊ በ1905 እ.ኤ.አ. ሲደርስ መንግሥቱ ከፈረሰ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ቢበር የዩኒቨርሲቲ ሰው አልነበረም። ጫማ መሥራት ተምሮ ነበር። መጽሐፍ እያነበበ ራሱን ያስተማረ፣ ኋላ የመንግሥት ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። ሽማግሌዎችን እየጠየቀ ጻፈ፤ ፎቶግራፍ አነሳ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ተመልሶ መጣ። «ካፋ» የሚለውን ሁለት ቅጽ መጽሐፉን በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ አሳተመ። ዛሬ የካፋ ልጅ ስለ ቅድመ አያቱ ግቢ ማወቅ ቢፈልግ ወይ ቪየና ይሄዳል፣ ወይ ጀርመንኛ ይማራል፣ ወይም ሽማግሌ ፈልጎ ይጠይቃል። ሦስተኛው መንገድ በየዓመቱ እየጠበበ ነው።

ቢበርን አልወቅሰውም። እሱ ባይመጣ ያቺም አትኖርም ነበር። ብቻ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ካሜራውን የያዘው ሰው የሚያየውን መርጧል፤ በፎቶው ላይ የቆመው ሰው ግን ምን እንዲታይለት እንደሚፈልግ የጠየቀው የለም።

ወደ ሲኒማው ልሂድ። አዲስ አበባ ላይ ተንቀሳቃሽ ምስል የታየው ገና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የሚታይበትንም ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። ከማየት ወደ መሥራት ለመሻገር ግን ስድሳ ዓመት ገደማ ፈጀብን። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ፣ ተዋንያኑ የእኛው ነበሩ፤ ዳይሬክተሩ ግን ግሪካዊ ነው። ካሜራ ላይ መቆም፣ ፊልም ማጠብ፣ መቁረጥና መቀጠል የሚማሩበት ቤት አገር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ፊልም የፈለገ ሰው አገር ይለቃል።

ኃይሌ ገሪማም እንደዚሁ ለቀቀ። ጎንደር ተወልዶ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገብቶ፣ ቺካጎ ትያትር ተምሮ፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ፊልም ትምህርት ቤት ገባ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የሚመጣው። ተማሪ ሳለ፣ በክረምቱ ዕረፍት፣ ሌላው ተማሪ ሥራ ሲፈልግ ወይም ተጨማሪ ኮርስ ሲወስድ፣ እሱ ካሜራ ይዞ ወደ አገሩ መጣ። ክረምቱ የ1966 ዓ.ም. ክረምት ነበር። አብዮቱ እየፈላ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሊወርዱ የቀረው ጥቂት ነው። በአሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ።

ሁለት ሳምንት! ለማያውቀው ልንገረው። የአሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ትንሿ ጥቅል መቶ ጫማ ናት፤ ሦስት ደቂቃ አትሞላም። ትልቁ አራት መቶ ጫማ ነው፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ያለቀው ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቀረጸውን እዚያው ማየት አይችልም፤ ፊልሙ ታጥቦ እስኪታይ ድረስ ምን እንደያዘ የሚያውቀው በልቡ ብቻ ነው። ያቺን ክረምት ቢያሳልፋት ኖሮ፣ ያንን መሬት፣ ያንን ባላባትና ያንን ጭሰኛ በዚያ ሁኔታ ደግሞ አያገኛቸውም። በቀጣዩ ዓመት፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ፊልሙ ላይ ያለው ዓለም በሕግ አበቃለት። ፊልሙን በማርቲን ስኮርሴዚ የተመሠረተው የዓለም ሲኒማ ድርጅት አድሶታል። ኃይሌም ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋሺንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያስተምር ኖረ። እዚያው ሀዋርድ ያስተማሩት፣ አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ በበኩላቸው በስተርጅና ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የጋዜጠኝነቱን ትምህርት ክፍል መርተዋል።

ይህንን ታሪክ በልቤ ይዤ ነው እንግዲህ ልጁን «መጀመሪያ ተማር» ያልኩት። የኃይሌን ታሪክ የማውቅ ሰው ተቃራኒውን መምከር ነበረብኝ። ያኔ አልታየኝም።

ለምን አልታየኝም? ክረምት ለእኔ የትምህርት ወቅት ስለሆነ ይመስለኛል። የኢትዮጵያ አስተማሪ ያደገው በክረምት ነው። ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የተሻገርነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ አስተማሪው ፍራሹን ጠቅልሎ ተማሪ ይሆናል። የአምስት ልጆች አባት ዶርም ተደራራቢ አልጋ ላይ ይወጣል። ምግቡ ያው ነው፣ ጭቃው ያው ነው፣ ማስታወሻው ፎቶ ኮፒ ነው። መስከረም ላይ ግን በደመወዝ እርከን ከፍ ብሎ ይመለሳል። እኔ ራሴ አራት ክረምት እንዲህ አሳልፌያለሁ። እና አንድ ወጣት «በክረምት ልማር?» ሲለኝ «ተማር» የማይል አንደበት የለኝም።

በነገራችን ላይ ካሜራና እኛ አስተማሪዎች የቆየ ቂም አለን። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ሲገባ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ከክፍለ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ገደማውን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ለእኔ ከፊትም ከኋላም ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ይተርፈኛል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል፤ ልጆቹ ጥያቄውን ሳይሰሙ መልሱን ይነግራቸዋል። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል። እኔም ተዘጋጅቼ አልመጣሁም፤ ባለተራው ፕላዝማው ነበራ! የዚያን ጊዜ አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እኛም እንዲህ መቅረጽ እንችላለን?» ብሎኝ ነበር። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ያችን ማያ ገጽ ለማየት እንጂ ለመሙላት አስቦ የሰጠን አልነበረም።

የፊልም ትምህርቱስ? በደርግ ጊዜ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ የተላኩ ነበሩ። የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽንም በ1978 ዓ.ም. ተቋቋመ። መንግሥት ተለወጠ፤ ኮርፖሬሽኑም ተዘጋ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተበተነ። ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ። በየከተማው፣ ቦንጋንም ጨምሮ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን የካራቴና የሕንድ ፊልም ያየንበት ዘመን ነው። በ1990ዎቹ ውስጥ ደግሞ ዲጂታል ካሜራ ገባ፤ ቴዎድሮስ ተሾመና ሌሎቹም በቪዲዮ ቀርጸው ሲኒማ ቤት ማስገባት ቻሉ፤ ወረፋው ቲያትር ቤቱን ዞሮ መንገድ ወጣ። ፊልም ማጠቢያ ላቦራቶሪ ማግኘት የቀረበት አገር በአንዴ በዓመት በርካታ ደርዘን ፊልም የሚያወጣ ሆነ። ሠሪዎቹ አብዛኞቹ እየሠሩ የተማሩ ናቸው።

ማሠልጠኛዎቹ የመጡት ወረፋውን ተከትለው ነው። የሦስት ወር፣ የሁለት ወር፣ የክረምት፤ በየመብራት ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከእነሱ መሐል ቁም ነገረኞች አሉ። የቻዱን ማሃማት ሳሌህ ሃሩንን «አቡና» እና «ዳራት» የተባሉ ፊልሞች በካሜራ የሠራው አብርሃም ኃይሌ ብሩ አዲስ አበባ ላይ ብሉ ናይል የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚን ከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2007 ዓ.ም. ገደማ በፊልም ሁለተኛ ዲግሪ ጀምሯል። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ግን የቦንጋን የሰርግ ቀራጭ አያገኘውም። ቦንጋ ራሷ ኮሌጅ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አላት፤ ካሜራ የሚማሩበት የክረምት ክፍል ግን ልጁ ሲጠይቀኝ አላወቅኩለትም።

ጨረስኩ፤ ወደ ልጁ ልመለስ።

ከመሄዱ በፊት፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ ነበር። «ለሙከራ» ብሎ፣ በስልኩ። እንደተማርኩ እመለሳለሁ፣ ይህቺ ለማስታወሻ ትሁነኝ ብሎ። ሃምሳ ደቂቃ ቀረጸ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ገባ፤ እኔ ቤት አደረ። የገባበት ማሠልጠኛ ስሙ ይቅር። ክፍሉ ውስጥ አርባ ሰው፣ ካሜራው ሁለት። አንዱ ካሜራ ላይ ተራ የሚደርሰው በሳምንት አንዴ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የኮምፒውተር ማቀናበሪያ ተማሩ፦ ፊደል ማሽከርከር፣ ቀለም መቀየር፣ ምስሉን እንደ መጽሐፍ ገጽ መግለጥ። አስተማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሦስት ቦታ ይሯሯጣል፣ ይደክመዋል። ልጁ ማታ ማታ የተማረውን ይነግረኛል። አንድ ቀን «ድምፅ መቼ ነው የምትማሩት?» አልኩት። «መጨረሻው ሳምንት ላይ» አለኝ። በመጨረሻው ሳምንት ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሆነና ድምፅ ሳይማሩ የምስክር ወረቀት ታደላቸው። ጥሩ ወረቀት ነው፣ ወርቃማ ጠርዝ አለው።

ጳጉሜን 3 ቀን ከቦንጋ ተደወለ። ሽማግሌው አርፈዋል።

ልጁ አላለቀሰም። ቦርሳውን ከፈተ፣ ስልኩን አወጣ፣ ያቺን የሰኔ ሃምሳ ደቂቃ አጫወተልኝ። ምስሉ ደኅና ነው። ሽማግሌው ጋቢ ለብሰው፣ በሩ አጠገብ፣ ከግራ በሚመጣ ብርሃን ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ይታያል። እጃቸው በዜማው ይነሣል፣ ይወርዳል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርድ የቦንጋ ዝናብ፣ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ።

«ጋሼ፣ ዝናቡን ማውጣት ይቻላል?»

የሬዲዮ ሥራ የሚያውቅ ወዳጄ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ወዳጄ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አስረዳን። የማራገቢያ ድምፅ፣ የሞተር ድምፅ ቢሆን አንድ ዓይነት ስለሆነ ለይቶ መቀነስ ይቻላል። የቆርቆሮ ዝናብ ግን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ ሁሉንም ይሞላል፤ የሰው ድምፅ የሚገኝበትም እዚያው መሐል ነው። ዝናቡን ሲያወጡ ሰውየውም አብረው ይወጣሉ። «ስልኩ የት ነበር?» አለው። ልጁ «ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ እግር ያለው ማቆሚያ ላይ» አለ። ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። «ሌላ አንድ ስልክ፣ የማንም ስልክ፣ ድምፅ መቅጃው በርቶ ጋቢያቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ዝናቡ ከኋላ ይሰማል፣ እሳቸው ከፊት ይሰማሉ። በኋላ ድምፁን ከምስሉ ጋር ታጋጥመዋለህ። አንዴ ማጨብጨብ ነው፤ ጭብጨባው የት እንደሚገጥም ታያለህ።»

ይህ ትምህርት አምስት ደቂቃ ፈጀ። ልጁ ከእኔ በላይ ተረጋግቶ ነበር። እኔ ግን ግንቦት ላይ ያቺ ቡና ስትጠጣ «አሁኑኑ ሄደህ ቅረጻቸው፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ቅረጻቸው፣ ዝናብ ሲያባራ ቅረጻቸው» ማለት ሲገባኝ ያልኩትን እያሰብኩ፣ መኪናዬን የት እንዳቆምኩት ጠፋኝ። ልጁ ነው ያሳየኝ።

መስከረም ላይ አብሬው ወደ ቦንጋ ተመለስኩ። ማሽቃሬ ባሮ ደርሶ፣ ቦንጌ ሻምበቶ ላይ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ልጁ ካሜራ ከፎቶ ቤቱ ተውሶ ወጣ፤ በወገቡ ሁለት ስልክ ይዟል። አንዱን ለሚናገረው ሽማግሌ እየሰጠ «አባባ፣ ይቺን ደረትዎ ላይ ይያዙልኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ፤ ግን ይይዙለታል። እናቱን ስለ ጣሪያው ጠየቅኳቸው። «ምን ይደረግ» አሉኝ፤ «ያው ያፈሳል።»

ማታ ማታ ደግሞ የሟቹ ሴት ልጅ ቤት እንሄዳለን። ስድሳውን አልፈዋል። ዜማውን ሙሉውን አያውቁትም፤ አባታቸው ለሴት ልጅ ሙሉውን አላስተማሩም። ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ኖረዋል። ልጁ የሰኔውን ምስል ያለ ድምፅ ይከፍትላቸዋል። እሳቸው የአባታቸውን አፍና እጅ እያዩ፣ «እዚህ ላይ የሦስተኛውን ንጉሥ ስም እያሉ ነው» ይላሉ፤ «እዚህ ላይ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ከዚያ በሩን ይጠራሉ።» ልጁ ያቆማል፣ ይጽፋል፣ እንደገና ይከፍታል። አንዳንዱን ያውቁታል፣ አንዳንዱ ላይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያኔ ባዶ መስመር ይተዋል። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ደርሰን ነበር። ስንወጣ እንደገና መዝነብ ጀመረ፤ ልጁም ስልኮቹን ላስቲክ ውስጥ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተታቸው።